ከአፈ ንጉሥ እስከ ሰበር ችሎት
የመጨረሻው ቃልና ምክንያቱ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል አባባል አለን። ጭብጦ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ የመንገደኛ ስንቅ ናት፤ በቅሎ ግን በጥንቱ ዘመን የመኳንንት መቀመጫ፣ የባለጸጋ መመኪያ ነበረች። ሕዝባችን ሁለቱን በሚዛን አስቀምጦ ጭብጦዋ ትከብዳለች ሲል የንብረት ዋጋ መገመቱ አይደለም። ሰው ብዙ ነገር ቢያጣም ያጣበት ምክንያት በወጉ ተነግሮት ከሆነ ልቡ ያርፋል፤ ጥቂት ነገር ያለ ምክንያት ቢወሰድበት ግን ዕድሜውን ሙሉ ይቆጨዋል ማለቱ ነው። የአንድ አገር የመጨረሻ ፍርድ ቤት ታሪክ ሲመረመር ሊነሣ የሚገባው ጥያቄም ከዚሁ አባባል ይቀዳል። የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ማን ነበር? ቃሉን ሲናገርስ ምክንያቱን ለባለጉዳዩ ነግሮታልን? ይህ ጽሑፍ በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መሪነት ከጥንቱ ዐደባባይ ተነሥቶ ዛሬ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውስጥ እስከሚያስችለው ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ያለውን ጉዞ ባጭሩ ይቃኛል።

የጥንቱ ሙግት በዐደባባይ የሚካሄድ፣ ሁሉም ቆሞ የሚያየውና የሚሰማው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከመንገድ ዳር ያገኙትን ጨዋ ሰው ዳኛ አድርገው ያስቀምጡታል። ባለዕዳና ባለገንዘብ የኩታቸው ጫፍ ተቋጥሮ በቁራኛ ሲሄዱ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። ሙግቱ ሲጀመር «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ዘንግ እየወዘወዙ፣ በማር፣ በበቅሎና በፈረስ እየተወራረዱ፣ ቤት በሚመታ ቃል አንዱ የሌላውን ነገር ለመርታት ይፋለማሉ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያዳምጣል፤ በተዋበ ንግግር ይደሰታል፤ በሐሰት ላይ ያጉረመርማል። የአገራችንን ተውኔት ሥር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ዐደባባይ ሳይደርስ ቢመለስ ፍለጋው ጎደሎ ይሆናል። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው የሰነዘረውን ዱላ አየር ላይ አቁሞ የሚቀዘቅዘውም ሕግ ከባለሥልጣን ደጅ አልፎ በሰው ኅሊና ውስጥ ሥፍራ ስለ ነበረው ነው።

ይሁን እንጂ ዐደባባዩ ውበቱን ያህል ጉድለትም ነበረበት። «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» እንደሚባለው፣ አንደበቱ የተባ ሲረታ ነገሩ እውነት ሆኖ ምላሱ የታሰረ ድኻ አንገቱን ደፍቶ ይመለስ ነበር። ለተወራረደው በቅሎ ዋስ የሚሆነው ያጣ ሰው ከሙግቱ በፊት ተሸንፏል ማለት ነው። ይህ በመሆኑ ባለጉዳይ ሁሉ ዐይኑን ወደ ላይ ያነሣል። «ይግባኝ» የሚለው ቃልም ሲሰማ ነገሬ ከበላይ ፊት ይግባልኝ የሚል ልመና በውስጡ ያለ ይመስላል። የነገሩ መንገድ ከአጥቢያ ዳኛ ጀምሮ በሹማምንቱ ደረጃ እየወጣ መጨረሻው ንጉሡ ነበር።

በንጉሡ ችሎት ላይ የተጻፈው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ካሉት 51 አንቀጾች የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊ፣ የቀሩት 29 ስለ ሥጋዊ ጉዳይ ይናገራሉ። ጋብቻ፣ ውርስ፣ ብድር፣ ሽያጭ፣ ነፍስ ግድያ ሁሉም በአንድ ጥራዝ ተካተዋል። ሊቃውንቱ ቃሉን ያነባሉ፣ ይተረጉማሉ፤ በችሎቱ የተሰየሙት ወምበሮችና መኳንንት ደግሞ ሐሳባቸውን ይሰጣሉ። ሐሳብ የሚሰጠው ከታናሹ ተጀምሮ በማዕረግ እየወጣ በመጨረሻ ንጉሡ ዘንድ ይደርስ ነበር። ይህ ሥርዐት ትልቅ ማስተዋል አለበት፤ ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የራሱን ሐሳብ ውጦ ይቀራልና። ይሁንና ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ንጉሡ በማንኛቸውም ሐሳብ አይታሰርም። የወደደውን ያጸናል፣ ያልወደደውን ይሽራል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው በከንቱ አልነበረም።

በንጉሡ ስም የሚፈርደው ታላቅ ዳኛ «አፈ ንጉሥ» መባሉ ራሱ ብዙ ይነግረናል። አፍ የራሱ ሐሳብ የለውም፤ የባለቤቱን ቃል ያወጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። አዲሱ ሹመትና አሮጌው ማዕረግ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አብረው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሠርት ዓመታት የአገሪቱ ዳኝነት በነዚህ በሁለቱ መካከል፣ በሕግ ተቋምና በንጉሥ ቃል መካከል፣ ሲዋልል ኖረ።

በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ወጣ። ከአምስት ዓመቱ የጠላት ወረራ በኋላም በዐዋጅ ቁጥር 2/1934 ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተደራጁ፤ ከሁሉም በላይ በአፈ ንጉሡ የሚመራ ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ቆመ። ቀጥሎ የመጣው ዘመን የሕግ መጻሕፍት ዘመን ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት በ1958 ዓ.ም. ወጡ። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻ 3367 ቁጥሮች አሉት። አንድ ትውልድ ሳይሞላ አገሪቱ ከብዙ ባህላዊ ወግና ከአንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ወደ እነዚህ ሰፋፊ ሕጎች ተሸጋገረች።

የሕንጻው ጣራ ግን ያው የጥንቱ ነበር። ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በላይ ዙፋን ችሎት አለ፤ በሥነ ሥርዐት ሕጉም ሥፍራ ተሰጥቶታል። በፍርድ ቤት የተረታ ሰው አቤቱታውን ይዞ ቤተ መንግሥት ደጅ ይጠናል፤ ዕድል ከቀናው ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቦ ይሰማል። ከዚያ የሚሰጠው ቃል ለዚያ ሰው እፎይታ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ አውራጃ ተመሳሳይ ጉዳይ ላለው ሰው ግን ምንም አይፈይድም። ዙፋን ችሎት ሰውን ይምር እንደሆነ እንጂ ለሕጉ ትርጉም አያበጅም ነበር። በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው የዩኒቨርሲቲው የሕግ ፋኩልቲ ባዘጋጀው የሕግ መጽሔት የተመረጡ የከፍተኛና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዶች መታተም ሲጀምሩ፣ የፍርድን ምክንያት ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ለአንባቢ ማቅረብ አንድ እርምጃ ሆነ።

በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ዙፋን ችሎትም አብሮ ፈረሰ። ለፍርድ የተሻለ ዘመን ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ አንዳች ፍርድ ተረሸኑ፤ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ሹማምንት ነበሩ። በማግሥቱም «ፖለቲካዊ ውሳኔ» መሆኑ ተነገረ። ከሟቾቹ መካከል አፈ ንጉሥ አበጀ ደባልቅ ይገኙበታል። ለሌላው ሲፈረድበት ወይም ሲፈረድለት የኖረ ማዕረግ የያዙ ሰው ለራሳቸው የሚሰማ ዳኛ አላገኙም። በዚያው ዓመት የተቋቋመው ልዩ የጦር ፍርድ ቤትም የሚፈርደው ፍርድ ይግባኝ የሌለበት ነበር። የመጨረሻው ቃል ከዙፋን ወርዶ ከጠመንጃ አፈ ሙዝ ላይ ተቀመጠ፤ ምክንያት መስጠትም ጭራሽ ቀረ። ባለፈው ሥርዐት ላይ ብዙ ክስ ሊቀርብ ይቻል ይሆናል፤ ክሱ የሚታወቀው ግን ችሎት ሲቆምና ተከሳሽ ሲመልስ ነው።

«ሰበር» የሚባለው ሥልጣን በአገራችን ሕግ የታወቀው በዐዋጅ ቁጥር 9/1980 የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቋቋም ነው። አስተሳሰቡ ከፈረንሳዮች የሕግ ሥርዐት የመጣ ሲሆን ቃሉም እንደሚያመለክተው ሥራው መስበር ነው፤ የመጨረሻ የተባለው ፍርድ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለበት ሰብሮ ያቃናዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 80 ይህን ሥልጣን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጠው። ከዚያም ዐዋጅ ቁጥር 454/1997 ወሳኙን እርምጃ ወሰደ። ከአምስት የማያንሱ ዳኞች የተሰየሙበት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ የሚገኘውን የፌዴራልም ሆነ የክልል ፍርድ ቤት እንዲያስገድድ ደነገገ። ከዚህ በኋላ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ቤት ሽያጭ የተሰጠ ትርጉም በጎንደርም በጅማም በጅግጅጋም የሚቆመውን ዳኛ ይይዘዋል። በዙፋን ችሎትና በሰበር ችሎት መካከል ያለው ዋና ልዩነት ይህ ነው። የመጀመሪያው ለባለጉዳዩ ፈረደ፤ ሁለተኛው በባለጉዳዩ በኩል ለሌሎችም ይፈርዳል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የመጨረሻ ፍርድ የተሰጠበት ወገን የሕግ ስሕተት ተፈጽሞብኛል የሚለውን በጽሑፍ ያቀርባል። አቤቱታውን በመጀመሪያ የሚመረምሩት ሦስት ዳኞች ናቸው። ስሕተት ያለ ከመሰላቸው «ያስቀርባል» ይላሉ፤ ካልመሰላቸው «አያስቀርብም» ብለው መዝገቡን ይዘጋሉ። ያስቀርባል ከተባለ መልስ ሰጪው ተጠርቶ ክርክሩ በአምስት ዳኞች ይሰማል። እነዚህ ዳኞች ምስክር አይሰሙም፤ ማን ዋሸ፣ ማን እውነት ተናገረ የሚለውን እንደገና አይመዝኑም። ፍሬ ነገሩን በሥር ፍርድ ቤት እንደ ተረጋገጠ ተቀብለው ጭብጥ ይይዛሉ፤ የሚጠይቁትም ለዚህ ፍሬ ነገር ትክክለኛው ሕግ በትክክል ተሠርቶበታልን ብለው ነው። በሐሳብ የተለየ ዳኛ ቢኖር የልዩነት ሐሳቡን ያሰፍራል። ከታናሹ ጀምሮ ይሰማ የነበረው የጥንቱ ችሎት ድምፅ ዛሬ በወረቀት ላይ ታትሞ ይገኛል ማለት ይቻላል።

ይህ አሠራር በልዩ ልዩ የሕግ ክፍል ምን እንደሚመስል ለማየት ጥቂት መዝገቦችን እንግለጥ።

መጀመሪያ የቤተሰብ ጉዳይ። በመዝገብ ቁጥር 23632 የቀረበው ክርክር አንድ ሕፃን ከወላጅ አባቱ ጋር ይኑር ወይስ ካሳደገችው አክስቱ ጋር የሚል ነበር። የሥር ፍርድ ቤቶች ሕጉ የአባትን መብት እንደሚያስቀድም ቈጥረው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የሰጠው ፍርድ ግን ጥያቄውን ከሥሩ ለወጠው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ንና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን ዓለም አቀፍ የሕፃናት መብት ስምምነት ጠቅሶ፣ ሚዛኑ የአባት መብት ሳይሆን የሕፃኑ ጥቅምና ደኅንነት መሆኑን አስታወቀ፤ ሕፃኑም ካሳደገችው ጋር እንዲቆይ ወሰነ። «የወለደ» ከ«ያሳደገ» ይበልጣልን የሚለው ክርክር በየቤታችን የኖረ ክርክር ነው፤ ችሎቱ ሦስተኛውን ሰው፣ ዝም ብሎ የሚጠብቀውን ሕፃን፣ ወደ መድረኩ መሐል አመጣው።

በዚሁ ክፍል የመዝገብ ቁጥር 20938 ሌላ መልክ አለው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ዐዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ የሚፈርስባቸውን መንገዶች ዘርዝሯል። ባልና ሚስት ሳይፋቱ ለረጅም ዓመታት ተለያይተው፣ የየራሳቸውን ኑሮ መሥርተው ቢኖሩስ? ችሎቱ እንዲህ ያለው ጋብቻ በሁኔታ እንደ ፈረሰ ሊቈጠር ይችላል አለ። ውሳኔው ለሕይወት እውነታ የቀረበ ነው ያሉ አሉ፤ ሕጉ ያልጻፈውን በር ፍርድ ቤት መክፈት የለበትም ያሉም አሉ። ከክርክሩ ጀርባ ያለው ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ቃል ብቻ፣ «ፈርሷል» ወይም «አልፈረሰም» የሚለው፣ ከሟች ባሏ ንብረት አንዲት ሴት የምታገኘውን ወይም የምታጣውን ይወስናል።

ወደ ውልና ንብረት ስንሻገር የመዝገብ ቁጥር 21448ን እናገኛለን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ችሎቱ ይህን በመከተል በዚህ መንገድ ያልተረጋገጠ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ሲል ተረጐመ። ለሕጉ ቃል የታመነ ትርጉም ነው። ነገር ግን በሰፈር ሽማግሌ ፊት ተፈራርሞ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ቤት ተረክቦ የሚኖር ሰው ብዙ በሆነበት አገር፣ የቤት ዋጋ ሲንር ሻጭ ውሉን አፍርሱልኝ ብሎ እንዲነሣ መንገድ ሊከፍት የሚችል ነበር። በኋላ የተሰጡ ፍርዶች ሻጩ ውሉ መደረጉን ካልካደ ስለ መረጋገጡ የሚነሣው ጥያቄ ውሉን እንደማያፈርሰው በመግለጽ ትርጉሙን አለዘቡት። እዚህ ላይ ችሎቱ ከራሱ ጋር ሲነጋገር እናየዋለን።

ከንግዱ ዓለም ደግሞ የመዝገብ ቁጥር 42239ን እንውሰድ። ተዋዋዮች አለመግባባታቸውን በግልግል ዳኛ ለመጨረስና ፍርዱም የመጨረሻ እንዲሆን ቢስማሙ ሰበር ችሎት እንዲህ ያለውን የግልግል ፍርድ ሊያይ ይችላልን? ችሎቱ ቀደም ሲል የተዋዋዮቹን ስምምነት አክብሮ የነበረ ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም. በዚህ መዝገብ አቋሙን ለውጦ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት እስካለ ድረስ ስምምነቱ ሥልጣኑን እንደማያግደው ወሰነ። ዐሥር ዓመት ቈይቶ የወጣው የግልግል ዐዋጅ ቁጥር 1237/2013 ግን ተዋዋዮች በስምምነት ሰበርን ማስቀረት እንዲችሉ ፈቀደ። ፍርድ ቤቱ ተናገረ፤ ሕግ አውጪው መለሰ። ይህ መመላለስ ሥርዐቱ በሕይወት የመኖሩ ምልክት ነው። በንጉሡ ዘመን የመጨረሻ ቃል ከተነገረ በኋላ የሚመልስ አልነበረምና።

በወንጀል በኩል የተነሣው ችግር ሌላ ነበር። ለተመሳሳይ ጥፋት በአንዱ ችሎት ቀላል፣ በሌላው ከባድ ቅጣት ሲጣል እስረኛው የተቀጣው ለጥፋቱ ነው ወይስ ለዳኛው ጠባይ የሚል ጥርጣሬ ያድራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ እንዲያወጣ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥልጣን ስለ ሰጠው፣ መመሪያ ቁጥር 1/2002፣ ኋላም ቁጥር 2/2006 ወጡ። ከነዚህ ወዲህ ዳኛው ቅጣቱን በምን ደረጃና እርከን እንዳሰላው መጻፍ አለበት። የቅጣትም ምክንያት እንደ ፍርዱ ምክንያት መገለጥ ጀመረ።

ይህ ሁሉ ሲባል የሰበር ችሎት ሥልጣን ወሰን የለሽ አይደለም። ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም የመጨረሻው ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ የፍርድ ቤት አይደለም። ክልሎችም የየራሳቸው ሰበር ችሎት ስላላቸው፣ በክልል ሕግ ላይ የተሰጠን የክልል ሰበር ፍርድ የፌዴራሉ እንደገና መስበሩ ተገቢ ነው ወይ የሚለው፣ በተለምዶ «ሰበር በሰበር» የሚባለው ክርክር ብዙ ቀለም አፍስሷል። የትርጉም መለዋወጥም ሌላው ሥጋት ነው። ዛሬ የሚያስገድድ ትርጉም ነገ ሳይነገር ከተለወጠ፣ የበታች ዳኛው የቱን ይያዝ? ዐዋጅ ቁጥር 1234/2013 ቀድሞ የተሰጠን አስገዳጅ ትርጉም ለመለወጥ ከሰባት የማያንሱ ዳኞች እንዲሰየሙ ማድረጉ ለዚሁ ሥጋት የተሰጠ መልስ ነው። አንድን ትርጉም ለመስበር ከማቆሙ የበለጠ ድምፅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የቋንቋ ጥያቄ ይመስለናል። የሰበር ውሳኔዎች ተሰብስበው ከሃያ በላይ በሆኑ ቅጾች ታትመዋል። በነዚህ ቅጾች ውስጥ የአገር ኑሮ ተዘርግቷል፤ የወንድማማች የውርስ ጠብ፣ የአሠሪና የሠራተኛ ክርክር፣ የድንበር ግፊያ፣ የተካደ ብድር፣ የተበተነ ትዳር ሁሉ አለ። ይሁንና ብዙዎቹ የተጻፉት አንድ ዐረፍተ ነገር ገጽ በሚሞላበት፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ቃል ተደጋግሞ በሚገለበጥበት፣ ዋናው ምክንያት በመጨረሻ በጥቂት መሥመር በሚታለፍበት አኳኋን ነው። «አያስቀርብም» የተባለው ባለጉዳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህም ያነሰ ይነገረዋል። ከሩቅ ክልል መጥቶ፣ አፉን በፈታበት ሳይሆን በሌላ ቋንቋ ተከራክሮ፣ ለምን እንደ ተረታ ሳይገባው የሚመለስ ሰው ጭብጦው ያለ ፍርድ እንደ ሄደችበት ሰው ነው። በወረቀት ላይ ፍርድ አለ፤ በልቡ ውስጥ ግን የለም።

የዐደባባዩ ዘመን ሙግት ውበት ነበረው፣ እኩልነት ግን ጎደለው። የዛሬው ችሎት ለእኩልነት የተሠራ ሲሆን የሚሰማና የሚገባ ቃል ያንሰዋል። ሁለቱን ማገናኘት የዳኞች ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም። የሕግ መምህር ሰበር ውሳኔን ለተማሪው ሲያስተምር ቁጥሩን ከማስጠናት አልፎ ምክንያቱን ያስመርምር። የአማርኛ መምህርም ከነዚህ ፍርዶች አንዱን ወስዶ በንጹሕ ቋንቋ አሳጥረህ ጻፍ ቢለው ከብዙ ድርሰት የሚሻል ትምህርት ይሆነዋል። የተውኔት ጸሐፊ ገጸ ባሕርይ ፍለጋ ከመባዘኑ በፊት እነዚህን ቅጾች ይግለጥ፤ ሁለት እውነት ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ብቻ እንዲረታ የሚገደድበት መድረክ ከዚህ የተሻለ የትም አያገኝም።

አፈ ንጉሥ የንጉሥ አፍ ነበር። ሰበር ችሎት የሕግ አፍ ነው ካልን፣ ሕግ ደግሞ የሕዝብ ነው የምንል ከሆነ፣ ይህ አፍ የሚናገረውን የበቅሎዋም የጭብጦዋም ባለቤት ሰምቶ ሊረዳው ይገባል። የረታው በደስታው፣ የተረታውም በሐዘኑ ውስጥ ሆኖ «ነገሬ ተሰምቷል፤ ምክንያቱም ተነግሮኛል» ማለት ሲችል የመጨረሻው ቃል እውነትም የመጨረሻ ይሆናል።